በሽመልስ ጠረጴዛ ላይ

ባለፈው ሳምንት ሽመልስን ቀብረን መጣን። ዕድራችን አንድ ነው፤ ቤቱም ከቤቴ ብዙ አይርቅም፤ ብቀር ነውር ይሆንብኛል። ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ አንድ ጎልማሳ ድምፅ ማጉያ ይዞ የሕይወት ታሪኩን ማንበብ ጀመረ። የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ እንዴት ልጆቹን እንዳሳደገ ተነበበ። ቀጥሎም «በወጣትነቱ ለእውነት በመቆሙ በደርግ እስር ቤት ብዙ መከራ የተቀበለ» ሲል አጠገቤ ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ። ያለቀስኩ መስሏት አንዷ ጀርባዬን ደባበሰችኝ። እኔ ግን ሳቅ ነበር የያዘኝ፤ ሳቁም የደስታ አልነበረም።

ሽመልስ በደርግ ጊዜ መታሰሩ እውነት ነው። ያሳሰርኩት እኔ ነኝ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የአየር ጠባይ መመልከቻ አጭር ኮርስ ወስጄ፣ ላሊበላ ተመድቤ ነበር። ደርግ ሥልጣን ላይ ከረምረም ያለበት፣ ትልቁ ድርቅ ግን ገና ያልመጣበት ጊዜ ነው። ከደሴ ወልድያ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ እህል በጫነ መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የወጣሁት። ኩልመስክ ስንደርስ ከአቧራው የተነሣ ቅንድቤ ነጭ ሆኖ ነበር። መኪናው ውኃ እስኪቀዳለት አንዲት ሴት አሹቅ ሸጠችልኝ፤ የጨውና የበርበሬው ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። ብርዱ ግን ሌላ ነበር። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ብርድ አውቃለሁ እል ነበር፤ የላስታን ብርድ አላውቅም ነበር።

የተመደብኩበት ጣቢያ ከከተማው በላይ፣ ወደ አሸተን በሚወጣው መንገድ ላይ ነበር። ቤቱ እንደ አገሬው ቤት ሁሉ በቀይ ድንጋይ የተካበ፣ ክብ፣ ጣሪያው የሣር ነው። ውጪው ላይ የዝናብ መለኪያና የሙቀት መለኪያ ቆመዋል። ውስጡ ግን በአገሩ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ነገር ነበር። ቁመቱ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ የብረት ሣጥን ነው። ከውጭ አገር በውሰት የመጣ ነው። በምድር ላይ ተቀምጦ ከሰማይ በላይ ያለውን ጋዝ ይለካል።

የጣቢያው ኃላፊ ጋሼ መኩሪያ ይባላሉ። ቀጠን ያሉ፣ ሁልጊዜ ቡናማ ባርኔጣ የሚያደርጉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሣጥኑን ጎማ ባለው ጋሪው ላይ እየገፉ ወደ ደጅ አወጡትና በላዩ ያለችውን ትንሽ መስኮት ወደ ፀሐይ አዞሩ።

«ነይ እዪ» አሉኝ። «ብርሃኑ በዚህ ይገባል። ውስጥ ባለሦስት ጎን ብርጭቆ አለ፤ ፕሪዝም ይሉታል፤ ብርሃኑን ይከፋፍለዋል። አንደኛውን ጨረር ኦዞን የሚባለው ጋዝ በመንገድ ላይ ይበላዋል። ሌላውን ብዙም አይነካውም። ሁለቱን አስተያይተሽ መርፌዋ መሐል ላይ ቀጥ እስክትል ይህችን ክብ ታዞሪያለሽ። ምን ያህል እንደተበላ ካወቅሽ በላተኛው ምን ያህል እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው።»

«ብዙ ነው?» አልኳቸው።

«ብዙ? በላያችን ያለውን በሙሉ ሰብስበሽ እዚህ መሬት ላይ ብትዘረጊው ከአንድ ስስ እንጀራ አይወፍርም። እሱ ባይኖር ግን ፀሐይ እህሉንም እኛንም ትለበልበን ነበር።»

ይህን ሲሉ በአድናቆት ነበር፤ ሰው ስለ ደህና ጎረቤቱ እንደሚያወራ ዓይነት። እኔም ሥራውን ወደድኩት። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ጥርት ሲል ቀኑን ሙሉ ደጅ ነን። የደመና ቁራጭ ፀሐይዋን ሲከልላት ቆመን እንጠብቃለን፤ ስታልፍ እንለካለን። ከታች የገብስ አጫጆች ድምፅ ይመጣል። ብርሃኑ ንጹሕ ስለሆነ ከሸለቆው ማዶ ያለው ሰው ማጭዱን ሲያነሣ ብልጭታው ይታያል። አንድ ጊዜ ሣጥኑን ከፍተው ሲያጸዱ እንድረዳቸው ፈቀዱልኝ። ፕሪዝሙን በለስላሳ ጨርቅ ይዤ አየሁት። እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ፣ ሲያዙት የሚከብድ፣ ከሥሩ የሣጥኑ ቁጥር የተቀረጸበት ነው። ጋሼ መኩሪያ ትንፋሽ እንዳይነካው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር የሚያወሩኝ።

ምሳ የምታመጣልን ሚስታቸው ባዩሽ ነበረች። ከእኔ በጥቂት ዓመት ብቻ የምትበልጥ፣ የብልባላ አገር ልጅ፣ ፊቷ ሰፊ፣ አካሄዷ ፈጣን። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስላት «ምነው እቴ፣ አረጀሁብሽ እንዴ? አንቺ በይኝ» አለችኝ። የገብስ ቂጣ በነጭ ማር ታመጣልን ነበር። የላስታ ነጭ ማር ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ በቂጣው ትኩሳት እየቀለጠ በጣታችን መሐል ይወርዳል። ባዩሽ ሣጥኑን አትወደውም ነበር። «ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የሚሸፍነው» እያለች ባሏን ትተርበው ነበር፤ እሳቸውም ይስቃሉ።

ሽመልስ የአካባቢው ካድሬ ነበር። ዕድሜው ከሠላሳ ያልዘለለ፣ መልኩ ያማረ፣ ጫማው በዚያ አቧራ ውስጥ እንኳ የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። ንግግር ይችላል። ሲጠሉት እንኳ መስማት ደስ ይል ነበር ማለት እችላለሁ።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ገበሬው የቀረችውን ዘር ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሽመልስ የገበሬ ማኅበሩን ሁሉ በገበያው ሜዳ ሰበሰበና ያላቸውን ዘር አምጥተው በጋራው እርሻ ላይ በአስቸኳይ እንዲዘሩ አዘዘ። ከዚያም እጁን ወደ ተራራው፣ ወደ ጣቢያችን ዘረጋ።

«አብዮታዊው ሳይንስ ከእኛ ጋር ነው። ያ መሣሪያ ዝናቡ በያዝነው ሳምንት እንደሚገባ አረጋግጧል። ጓድ መኩሪያ፣ ተነሥና መስክር።»

ጋሼ መኩሪያ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። 

«ጓድ ሽመልስ፣ መሣሪያው ስለ ዝናብ አያውቅም። እሱ የሚያየው ከደመናው በላይ ያለ ሌላ ነገር ነው። ወንድሞቼ፣ በእኔ ሣጥን ተማምናችሁ ዘራችሁን አትበትኑ» አሉና ተቀመጡ።

ከዚያ ከሙጃ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። «እንግዲያው ጓድ፣ እርስዎ ከማን ሰሙት?» ብለው በትሕትና ጠየቁ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሽመልስም አብሮ ሳቀ። ዓይኑ ግን ጋሼ መኩሪያ ላይ ነበር።

ዝናቡ በዚያ ሳምንት አልገባም። ዘሩን ያልበተነው ገበሬ ሁሉ ጋሼ መኩሪያን መረቀ። ምርቃቱ ሽመልስ ጆሮ መድረሱ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ብልባላ ያለውን የዝናብ መለኪያ ለማየት ሄድኩ። የአህያ ነጋዴዎችን ተከትዬ በእግሬ ነው የምሄደው፤ አድሬ እመለሳለሁ። ስመለስ የጣቢያው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሣጥኑ ክዳን መሬት ላይ ተጥሏል፤ ብሎኖቹ በየቦታው ተበትነዋል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ በጩቤ ነው መሰለኝ ተፈልቅቋል። ቡናማው ባርኔጣ ወለሉ ላይ ነበር፤ የቦቲ ጫማ ረግጦታል። ባዩሽ የምሳ ዕቃውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«ወሰዱት» አለችኝ። «ሬዲዮ ነው ብለው ሣጥኑን ከፈቱት። ሬዲዮ ሲያጡ ጊዜ፣ ዕቃው ጎድሏል ለወንበዴ ሰጥተኸዋል ብለው ወሰዱት።»

ክሱ በእውነት ይኸው ነበር። የመንግሥትን መሣሪያ አበላሽቶ፣ ዋናውን አካሉን አውጥቶ ለወንበዴዎች አሳልፎ ሰጠ። ሣጥኑን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፕሪዝሙ የለም።

ጋሼ መኩሪያ ወልድያ ወርደው ታሰሩ። ባዩሽና እኔ መኪና ስናገኝ በመኪና፣ ስናጣ በእግርና በበቅሎ እየወረድን ስንቅ እናደርስ ነበር፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ማር በቅል። አንድ ጊዜ በአጥሩ በኩል እንድናያቸው ፈቀዱልን። ከንፈራቸው አብጦ፣ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ነበር። ባዩሽ ስታለቅስ እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሣጥኑን ሸፍነሽዋል?»

«ሸፍኜዋለሁ ጋሼ።»

«ፕሪዝሙን ያወጣው ሽመልስ ራሱ ነው። በገዛ እጁ። ወደ ፀሐይ ይዞ አየው፣ ኪሱ ከተተው። ይህን ለመርማሪው ስናገር ነው ጥርሴን የሰበሩት። አንቺ እንዳትናገሪ። አደራ። አንቺንም ያመጡሻል።»

ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም። በክረምቱ እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባና ሞቱ መባሉን ሰማን። ሬሳቸውን አልሰጡንም። ባዩሽ ደጇ ላይ ድንኳን ልትተክል ስትል ሽመልስ ሰው ልኮ አስነቀለባት። «ለፀረ አብዮተኛ ልቅሶ አይቀመጥም» ተባለች። ጎረቤት አንድ በአንድ፣ እሳት ሊጭር የመጣ እየመሰለ፣ ገብቶ አልቅሶላት ይወጣ ነበር። ባርኔጣውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር የምታለቅሰው።

እኔ ያኔ የተሰማኝን ሐዘን ብዬ ብጠራው ውሸት ነው። ሐዘን ያደክማል። እኔን ግን ብርታት ሰጠኝ። ጠዋት ስነሣ የማስበው ስለ ሽመልስ ነበር፤ ውኃ ስቀዳ፣ የዝናብ መለኪያውን ሳነብ፣ እህል ስቀምስ ስለ እሱ ነበር የማስበው። በጥላቻ ያደገ ሰው አይደለሁም፤ ቤታችን ውስጥ ቁጣ እንኳ ብርቅ ነበር። ያን ክረምት ግን ጥላቻ ሰውን ቀጥ አድርጎ ሊያቆመው እንደሚችል አየሁ።

በመስከረም ሽመልስ ቢሮው አስጠራኝ። ጣቢያውን እኔ እንድይዝ ተወስኗል። ቢሮው በምሥራቅ በኩል ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ነው። ስገባ የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ወድቃለች። ግድግዳው ላይ ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ ያለ ቀለም ተዘርግቶ አየሁ፤ ቀስተ ደመና እቤት ገብቶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ዓይኔን ወደ ጠረጴዛው መለስኩ። ፕሪዝሙ ወረቀት እንዳይበተን ተጭኖበት ተቀምጧል።

ሽመልስ አይቶኝ ፈገግ አለ።

«ይህ አስገረመሽ? የሶቪየት ጓዶች ስጦታ ነው።»

ሣጥኑ ሲከፈት እንዳልነበርኩ ያውቃል። የዝናብ ውኃ የምትለካ ልጅ እንጂ የሣጥኑን ሆድ ዕቃ ያየች አልመሰልኩትም። «በጣም ያምራል ጓድ። ጠረጴዛዎን አሳመረው» አልኩት። ድምፄ እንዴት እንደዚያ ረግቶ እንደወጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በቀጥታ ባዩሽ ዘንድ ሄድኩ። ወተት እየናጠች ነበር። ስነግራት ቅሉን መወዝወዟን አቆመች።

«ጠረጴዛው ላይ?»

«ጠረጴዛው ላይ። ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ።»

ሄጄ አንገቱን ልነቅ ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «እንግዴህ ከዚያ እንዳይነሣ አድርጊ» አለችኝ። «የሚያውቀው ሰው እስኪመጣ ድረስ። አንቺ ትገቢ የለም? እኔ እንኳ ከደጁ አያደርሱኝም።» ከዚያም ወደ መናጡ ተመለሰች፤ ክንዷ ግን እንደ ቀድሞው ቀስ ብሎ አልነበረም የሚሄደው።

በውሰት የመጣው መሣሪያ መበላሸቱ አዲስ አበባ ባለው መሥሪያ ቤታችን ነገር እንዳስነሣ ሰምቼ ነበር። ባለቤቶቹ እየጠየቁ ነው፤ መንግሥትም ማፈሩ አልቀረም። አጣሪ ይላካል ተብሏል፤ መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። እኔ የይለፍ ወረቀት ለማስፈረምም፣ ሪፖርት ለማድረስም ሽመልስ ቢሮ እመላለሳለሁ። በሄድኩ ቁጥር ስለዚያ ብርጭቆ አንድ ነገር እላለሁ። አንድ ቀን «ዛሬ ደግሞ ቀለሙ ደመቀ» እለዋለሁ፤ ሌላ ቀን «ከዚህ ቢያነሡት ክፍሉ ይጨልማል» እለዋለሁ። ደስ ይለዋል። ሰው ሲያደንቅለት የሚወድ ሰው ነበር። እያደነቅሁለት እጁን ወደ ገመዱ አስጠጋሁት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ ሊበላሽብኝ ደረሰ። ከበላይ አካል የመጣ አንድ ወፍራም እንግዳ ብርጭቆውን አንሥቶ እያገላበጠ፣ «ጓድ ሽመልስ፣ ይህን ለልጄ ብትሰጠኝ» አለው። ሽመልስ ሊያስደስተው ፈልጎ «ምን ገዶኝ፣ ይውሰዱት» ማለት ጀመረ። እኔ በር ላይ ወረቀቴን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ጓድ፣ የሶቪየት ጓዶች ያበረከቱልዎ ስጦታ አይደለም እንዴ? በኋላ መጥተው ቢያጡት ቅር አይላቸውም?» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እንደማያውቅ ሰው።

እንግዳው ብርጭቆውን እንደሚያቃጥል ነገር ቶሎ አስቀመጠው። «እንዲህ ከሆነማ አይነካም» አለ። ሽመልስ ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ አልኩለት። በገዛ ውሸቱ አሰርኩት፤ አላወቀም።

አጣሪዎቹ በጥቅምት፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ እንደደረቀ መጡ። አንዱ ኢንጂነር ነው፤ ዝምተኛ፣ መነጽር ያደረገ ሰው። ሌላው የመቶ አለቃ ነበር። ከሽመልስ ጥበቃዎች ሁለቱ ከተማው በር ላይ ተቀብለው ጣቢያው ድረስ አጀቧቸው። ኢንጂነሩ ሣጥኑን ከፍቶ ውስጡን በባትሪ መብራት መረመረ። ፊቱ ጠቆረ።

«ፕሪዝሙ የለም። ያለ እሱ ይህ ቆርቆሮ ነው» አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረ። «ማን እንደወሰደው ታውቂያለሽ?»

ጥበቃዎቹ በሩ ላይ ቆመዋል። አዎ ብል፣ እኛ ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ብርጭቆው ጉድጓድ ገብቷል፤ እኔም ተከትዬው እገባለሁ። «በነበሩት ኃላፊ ላይ የተጻፈውን እርስዎም አንብበዋል። እኔ ያን ዕለት ብልባላ ነበርኩ» አልኩት። ይህ ሁሉ ውሸት የለበትም። ከዚያ ጨመርኩበት። «ጓድ ሽመልስ ግን ሳትጎበኙት ብትውሉ ይከፋዋል። አሁን ቢሮ ነው። ጠዋት ነው የሚመቸው።»

ፀሐይዋን አየሁ። መስኮቱ ላይ የምትደርስበት ሰዓት ነበር፤ ሥራዬ ፀሐይን መከታተል ነውና ይህን የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም ነበር።

ሽመልስ በሩ ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ጠጅ አስመጣ። ስለ አብዮቱ ድል፣ ስለ አካባቢው ጸጥታ ማውራት ጀመረ። ኢንጂነሩ ብርሌውን ወደ አፉ አስጠግቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ቆመ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀለም እያየ ነው። ቀለሙን ተከትሎ ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ወረደ።

«ይህን ከየት አገኙት?» አለ በቀስታ።

«የሶቪየት ጓዶች ስጦታ ነው» አለ ሽመልስ።

ኢንጂነሩ ተነሥቶ ብርጭቆውን አነሣ። መሐረብ አውጥቶ በመሐረብ ነው የያዘው። ከሥሩ ገልብጦ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አነበበ። ከዚያ ለመቶ አለቃው አሳየው። መቶ አለቃው ኪሱ ካለው ወረቀት ጋር አስተያየው፤ ብርሌውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ጓድ ሽመልስ፣ ለወንበዴ ተሰጠ ተብሎ ሰው የታሰረበት ዕቃ ይህ ነው» አለው።

«ለማስረጃ ነው የያዝኩት» አለ ሽመልስ።

«አሁን ስጦታ ነው አሉን።»

ሽመልስ ዞሮ አየኝ። ከእነሱ ጋር ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። በተመላለስኩ ቁጥር ያልኩትን ሁሉ፣ «ያምራል» ያልኩትን፣ «እንዳያነሡት» ያልኩትን፣ አንድ በአንድ ሲያስታውስ ፊቱ ላይ አነበብኩ። ዓይኔን አልሰበርኩም። በሕይወቴ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ አግብቻለሁ፣ ልጅ ስሜያለሁ። እንደዚያች ቅጽበት ያለ ደስታ ግን አላገኘሁም፤ እንዲህ ስል አላፍርም።

በዚያው ዕለት ወሰዱት። የጫኑበት ላንድሮቨር ከከተማው ሲወጣ ጎማው ፈነዳና ባዩሽ ቤት አጠገብ ቆመ። ሽመልስ እጁ ታስሮ፣ የጥቅምት ፀሐይ ፊቱ ላይ ወድቃበት፣ ከኋላ ተቀምጧል። ባዩሽ እንስራዋን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ደረሰች። አወቃት አላወቃት እንጃ። «እናቴ፣ ውኃ ስጭኝ» አላት።

እንስራዋን አወረደች። በጣሳ ቀዳች። ፊቱ ቆማ ጣሳውን ወደ ራሷ አፍ አነሣችና ቀስ እያለች፣ ትንፋሽ እየወሰደች ጠጣችው። የቀረውን ጠብታ መሬት ላይ አንጠፍጥፋ፣ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ፣ እንስራዋን አዝላ ገባች።

በቀሉ በዚህ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። ሣጥኑ ተጭኖ አዲስ አበባ ሄደ፤ አልተመለሰም። ላሊበላ ላይ ከዚያ ወዲያ ማንም ያን ጋዝ አልለካም። እኔ ደሴ ተዛወርኩ። ድርቁ ሲመጣ ባዩሽን ለሰፈራ ጭነው ወሰዷት፤ እዚያው ቆላ ውስጥ በወባ እንደሞተች ከብልባላ የመጣ ሰው ነገረኝ። ሽመልስ ግን ጥቂት ዓመት ታስሮ በሕይወት ወጣ። ደርግ ወደቀ። ደርግ ያሰረው ሰው ሁሉ የሚከበርበት ዘመን ሲመጣ፣ እሱም ደርግ ያሰረው ሰው ሆኖ ተከበረ። ደሴ መጣ፣ ቤት ሠራ፣ ሽማግሌ ተብሎ አስታራቂ ሆነ። እኔ የሰጠሁትን እስር እንደ ካባ ደርቦ ሄደ።

ዕድሩ ላይ መጀመሪያ የተያየን ቀን ሰው ሲበተን ጠብቆ ቀረበኝ።

«አስካለ፣ ያለፈው አልፏል» አለኝ።

«ለማን?» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ ስብሰባ ሲኖር ፊት ለፊቱ ሄጄ እቀመጥ ነበር። እኔ ባለሁበት ስለ እስሩ አውርቶ አያውቅም። ሰው እየጎተጎተው እንኳ፣ ያየኝ ጊዜ ወሬውን ወደ ሌላ ያዞረዋል። እሱ የታሰረበትን ምክንያት ሊናገር አይችልም። እኔም የእሱ ፍርሃት ትዝ ባለኝ ቁጥር ዝምታዬን እወደው ነበር። ይህን ፍርሃቱንም ሞቶ ቀብሩ ላይ ቀማኝ። ሬሳው ፊት ያ ወረቀት ሲነበብ አይቶኝ የሚፈራ አልነበረም።

ትናንት የሽመልስ ልጅ ሰላማዊት መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት፤ ስታመም መርፌ ልትወጋኝ እቤቴ የምትመጣው እሷ ነች። ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ አስካለ፣ በአርባው ስለ አባባ የሚናገር ሰው እየፈለግን ነው። ላሊበላ በነበረ ጊዜ እርስዎ ያውቁት ነበር አሉ። ስለታሰረበት ጊዜ የሚያውቅ ሌላ ሰው አጣን።»

«እሱ ለምን እንደታሰረ ነግሯችሁ ያውቃል?»

«አይ፤ ማስታወስ አይወድም ነበር። ብዙ ስላሰቃዩት ይሆናል።»

እጄን ይዛለች። አሳዘነችኝ፤ አሳዘነችኝ ብል እውነት ነው። እሷ ያኔ አልተወለደችም። እምቢ ብላት አርፋ ትሄዳለች፤ አባቷን እንደምታውቀው ይዛ ትኖራለች። ይህን ሁሉ እጇን ይዤ አሰብኩት። ከዚያ የተነቀለው ድንኳን ትዝ አለኝ። ባዩሽ በቆላ ማን እንደቀበራት አላውቅም፤ ጋሼ መኩሪያ የት እንደተጣሉም የሚያውቅ የለም። የሁለቱም የሕይወት ታሪክ ለማንም አልተነበበም።

«እመጣለሁ» አልኳት።

ጉልበቴን ስማ፣ አመስግናኝ ወጣች። በመስኮት እስክትታጠፍ አየኋት።

የመኩሪያ ስም ከሞቱ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም። በአርባው፣ በሽመልስ ድንኳን ውስጥ፣ በሽመልስ ልጅ ጥሪ፣ እኔ እጠራዋለሁ።